ከአልጋው ራስጌ አሥራ አራት እርምጃ

በወይራ አምባ ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ሲጣሉ መጀመሪያ የሚጠራው እንዳላማው ነበር። ቀበሌው እንኳ የይዞታ ደብተሩን ገልጦ፣ ካርታውን አገላብጦ ሲደክመው «እስቲ አያ እንዳላማውን ጥሩልን» ይላል። ዕድሜው ወደ ሰባ የተጠጋ፣ ረዘም ቀጠን ያለ፣ ሲሄድ የጠፋ ነገር የሚፈልግ ይመስል አንገቱን ወደ መሬት የሚሰብር ሰው ነው። ከሉማሜ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ በሆነችው በዚያች ቀበሌ እሱ የማያውቀው የማሳ ወሰን የለም። ሰውም «ወሰን አዋቂ» ብሎታል።

ሙያውን ከአባቱ ነው የወረሰው። አባትየው የድንበር ድንጋይ ሲተክሉ አስቀድመው ጉድጓዱ ውስጥ አንድ እፍኝ ከሰል ይጨምሩ ነበር። ድንጋዩን ክፉ ጎረቤት ሊያነሳው፣ ጎርፍም ሊወስደው ይችላል። ከሰሉ ግን አይበሰብስም፣ ማንም አይሰርቀውም፣ እዚያው ይቀመጣል። እንዳላማውም ይህንኑ ያዘ። ከሰሉን በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ይዞ ይዞራል። ጠብ ሲነሳ ጫማውን አውልቆ ፊት ፊት ይሄዳል፤ ባለጉዳዮቹና ሽማግሌዎቹ ድምፅ ሳያሰሙ ይከተሉታል። የሆነ ቦታ ሲደርስ ቆም ይልና መሬቱን በዱላው መታ አድርጎ «እዚህ ቆፍሩ» ይላል። ይቆፈራል። ጥቁሩ ብቅ ሲል ክርክሩ ያበቃል። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ አንድ ክንድ ያህል ስቶ፣ በኀፍረት ሦስት ቀን እህል ሳይቀምስ ቀርቷል።

ከአባቱ የተማረው ሌላም ሕግ አለ። ወሰን አዋቂ በራሱ መሬት ላይ ቃል አይሰጥም። የገዛ ይዞታው የተነሳ እንደሆነ ጋቢውን አፉ ላይ ጣል አድርጎ ዝም ይላል፤ ስለ እሱ የሚናገረው ጎረቤቱ ነው። ይህን የወይራ አምባ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከውጭ የመጣ ሰው ግን አያውቀውም።

ቀያሾቹ የመጡት በጥቅምት መጨረሻ፣ ጤፉ መወየብ ሲጀምር ነው። ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን በየማሳው እያቆሙ፣ አናቱ ቀይ የተቀባ ችካል እየተከሉ ከአንዱ ጋራ እስከ ሌላው ጋራ ሄዱ። ሠላሳ ሁለተኛው ችካል ያረፈው ከእንዳላማው ቤት ጀርባ ነው። ሰዎቹ ዞር ሲሉ እንዳላማው ከግድግዳው ተነስቶ ቆጠረ፤ አሥራ አራት እርምጃ። ከግድግዳው ወዲያኛው ወገን፣ በውስጥ በኩል፣ የሚስቱ የያለምወርቅ አልጋ ራስጌ ነው።

በሳምንቱ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ስብሰባ ተጠራ። የቀያሾቹ አለቃ ፍሥሐ የሚባል፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልሞላ፣ ትሕትና ያለው ልጅ ነበር። የተፈጥሮ ጋዝ በቧንቧ ሊያልፍ እንደሆነ፣ ቧንቧው የሰው ደረት በሚያህል ጥልቀት እንደሚቀበር፣ ከተቀበረ በኋላ እላዩ ላይ ማረስ እንደሚቻል፣ ዛፍ መትከልና ቤት መሥራት ግን እንደማይቻል አስረዳ።

«ልጄ፣ ጋዝ የምትለው የኩራዙን ነው?» አለ አንዱ።

«አይደለም፣ አባቴ። ይሄ እንደ አየር ነው። አይታይም።»

«ሽታስ አለው?»

«በተፈጥሮው ሽታም የለውም።»

«እንግዲያ የማይታይና የማይሸት ነገር በጓሯችን ሊያልፍ ነው» አሉ አንዲት አሮጊት። «ሰይጣን ነው በለና አሳርፈን!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፍሥሐም ሳቀ። እንዳላማው አልሳቀም።

ከሦስት ዓመት በፊት ሉማሜ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለ ሻይ ቤት ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር ሲፈነዳ አይቷል። ከሁሉ የማይረሳው ድምፁ አይደለም። ከፍንዳታው በፊት ያየው ነው። እሳቱ ጭስ አልነበረውም። ሰማያዊ ሆኖ፣ ልሳኑን አርዝሞ፣ በጸጥታ በጠረጴዛዎቹ ሥር ሮጠ። ሰዎቹ ሻያቸውን እየጠጡ ነበር። እግር ያላቸው ወጡ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ምርኩዘኛ ሽማግሌ ግን ገና ምርኩዛቸውን በእጃቸው እየዳበሱ ሲፈልጉ ነበር።

ያለምወርቅ ሁለት ዓመቷ ነው ከተኛች። ምንጭ ወርዳ እንስራ እንዳዘለች አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሁለት ወር ከርማ ተመለሰች፤ እግሯ ግን አልተመለሰላትም። ምላሷ ጤነኛ ነው። አልጋዋ ላይ ሆና የደጁን ሁሉ በጆሮዋ ታውቃለች። የማን ላም እንደገባች፣ ማን ሰክሮ እንዳለፈ፣ እንዳላማው ምን ያህል እንደራቀ በኮቴው ትለያለች። እሱ ያጥባታል፣ ያገላብጣታል፣ ያጎርሳታል። እሳት ቢነሳ ብቻውን አንስቶ ከበሩ ሊያደርሳት እንደማይችል ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንድም ቀን ግን አፍ አውጥተው አልተናገሩትም።

ፍሥሐ በስብሰባው መጨረሻ አንድ ወረቀት አውጥቶ ከመስመሩ ሠላሳ ሜትር ክልል ውስጥ ያሉ ቤቶችን የባለቤት ስም አነበበ። አሥራ አንድ ስም ጠራ። የእንዳላማው ስም አልነበረበትም።

«ስሙ ያልተጠራ ቤት አለ?» ብሎ ጠየቀ።

እንዳላማው ጋቢውን አፉ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ጎረቤቱ ወደ አበባው ተመለከተ። አበባው ከእሱ ቤት ቁልቁል መቶ እርምጃ ርቆ አዲስ የቆርቆሮ ቤት የሠራ ጎልማሳ ነው። ሊናገርለት የሚገባው እሱ ነበር። አበባው ግን መሬት መሬት ያያል።

ፍሥሐ እንዳላማውን አየውና «አባቴ፣ ጥርስዎን አሞዎታል እንዴ?» አለ በአዘኔታ። ሰዉ እንደገና ሳቀ፤ ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

እንዳላማው እርምጃውን ሳይቆጥር ወደ ቤቱ ሄደ። የገባው እንዲህ ነው። ቤታችሁን ከቤት አልቆጠርነውም፤ ሚስትህንም ከሰው አልቆጠርናትም፤ በላያችሁ እናልፋለን። ለያለምወርቅ አልነገራትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እንቅልፍ አጣ። ገና ያልተቀበረውን ቧንቧ ያሸተው ጀመር። ግድግዳው ሥር ተንበርክኮ ጭቃውን ያሸታል። ምንም አይሸትም። ምንም አለመሽተቱ ይብስ ያስፈራዋል፤ ልጁ ሽታ የለውም ብሏልና። ምድጃው ላይ ፍሙ ውስጥ ለውስጥ ሰማያዊ ብልጭ ሲል ብድግ ይልና በአመድ ያዳፍነዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ በብርድ ልትፈጀኝ ነው?» ትለዋለች ያለምወርቅ።

«ጭሱ እንዳያፍንሽ ብዬ ነው።»

«ሃምሳ ዓመት ያላፈነኝ ጭስ ዛሬ ምን ነክቶት?»

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን የማርያም ንግሥ ነው። አገሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እንዳላማው «ያለምወርቅን ለማን ትቼ» ብሎ ቀረ። ማለዳው በጉም ተሸፍኗል፤ ከአሥር እርምጃ ማዶ ያለ ሰው አይታይም። ከበሮው ከሩቅ፣ ከመሬት ሥር እንደሚመጣ ድምፅ ሆኖ ይሰማል። ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ ድንገት ተነሳ። አስቦበት ነው ለማለት አይቻልም። ሠላሳ ሁለተኛውን ችካል በሁለት እጁ ይዞ ነቀለው።

ከነቀለው በኋላ ግን አርባ ዓመት የሠራው ጭንቅላቱ ሥራውን ጀመረ። አንድ ችካል ብቻውን ወጣ ካለ መስመሩ ይሰበራል፤ የሚያይ ሰው ሁሉ ያውቅበታል። ስለዚህ ሠላሳ አንደኛውንና ሠላሳ ሦስተኛውንም ነቀለ። መካከለኛውን ስልሳ ስድስት እርምጃ ቁልቁል ወሰደው፤ የዳርና የዳሩን በግማሽ። ወንዝ ተራራ ሲገጥመው ዞር እንደሚል አድርጎ አጠፈው። ማንም ቀያሽ ከዚያ የተሻለ አያጥፈውም። አበባው ጎልማሳ ነው፣ ሚስቱ መቅዲም ልጅ እግር ናት፣ ይሮጣሉ፤ እግር አላቸው። ይህን ለራሱ እየደጋገመ ሠራ።

መካከለኛውን ችካል በድንጋይ ሲመታ ከጉሙ ውስጥ፣ ከአበባው ቤት፣ ጨቅላ ሲያለቅስ ሰማ። መቅዲ ከወለደች ገና አሥር ቀኗ ነው፤ አራስ ስለሆነች ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም። እንዳላማው ድንጋዩን እንዳነሳ ቀረ። ወዲያው ደግሞ ሁለት ጊዜ መታ።

እቤቱ ገብቶ እጁን ታጠበ። ማታ ጋቢውን ሲያጥፍ የቋጠረው ጫፍ ባዶ ሆኖ አገኘው። ያን ጊዜ ትዝ አለው። ችካሎቹን የነቀለባቸውን ሦስት ጉድጓዶች አፈር ሳይመልስባቸው በፊት፣ እጁ ለምዶ፣ በየአንዳንዳቸው አንድ አንድ እፍኝ ከሰል ጨምሮባቸዋል። በወይራ አምባ ጉድጓድ ውስጥ ከሰል የሚጨምር ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ቆፍሮ ሊያወጣው ይችል ነበር። ሁለት ጊዜ ዶማ ይዞ ወጣ፤ ሁለት ጊዜም ተመለሰ። በሕይወቱ ከሰል ቀብሯል፣ ከሰል አሳይቷል፤ ከሰል ግን ነቅሎ አያውቅም። አባቱ ከኋላው ቆመው የሚያዩት መሰለው።

በሦስተኛው ቀን አበባው ፊቱ አመድ መስሎ መጣ።

«አያ እንዳላማው፣ ችካሉ ተራምዶ ደጄ ገብቷል። ከቤቴ በር ሃያ እርምጃ። ጉድ እኮ ነው!»

«ተራምዶ?»

«መቅዲ የንግሡ ዕለት በጉሙ ውስጥ ጎንበስ ያለ ነገር አየሁ ትላለች። ጅብ መስሏት በሩን ዘጋች። ጅብ ችካል ይሸከማል? እርስዎ ያውቃሉ፤ ፊት የት ነበር የቆመው? አንድ ቃል ይናገሩልኝና ለቀበሌው ላመልክት። ልጄ ክርስትና እንኳ አልተነሳ።»

እንዳላማው ጋቢውን ቀስ ብሎ አፉ ላይ አደረገ።

አበባው ጋቢውን አየ። «እውነትዎን ነው» አለ። «የቆመው እርስዎ መሬት ላይ ነበር። አይናገሩም።» እንደ መጣ ተመለሰ። የአባቱ ሕግ ለአርባ ዓመት እውነት ሲጠብቅበት ኖሮ፣ በዚያች ቀን መደበቂያ ሆነው።

ቀበሌው የአበባውን አቤቱታ ተቀብሎ ቧንቧውን ለሚቀብረው ድርጅት ጻፈ። መልስ አልመጣም። አበባው በመጨረሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። በታኅሣሥ የመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእንዳላማው የንስሐ አባት የሆኑት ቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን ይዘው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። ችካሉን የነቀለ፣ ሲነቀል ያየ፣ አውቆም ዝም ያለ፣ ቀያሾቹ በጥር እስኪመለሱ ካልተናገረ በግዝት የታሰረ ይሁን አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። እንዳላማውም ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ፍርሃት ሆነበት። አንዱ ከግድግዳው ጀርባ ነው፤ አንዱ ከሰማይ። እንጀራ ሲቆርስ እጁ ይቆማል። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲያልፍ እንደ ሌላው ጊዜ ተጠግቶ በሩን አይስምም፤ ከሩቅ አማትቦ ያመልጣል። የመቅዲ ልጅ ባለቀሰ ቁጥር ደግሞ ድንጋዩ እጁ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። በጥር መባቻ ከጋራው ወዲያ የመቆፈሪያው ማሽን፣ የኤክስካቫተሩ ጉርምርምታ መሰማት ጀመረ። በየቀኑ ይቀርባል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቅል ይንቀጠቀጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያለምወርቅን ሲያገላብጣት ክንዱን ያዘችው።

«ስንት ጊዜ መታኸው?»

«ምኑን?»

«የንግሡ ዕለት። በድንጋይ። እኔ አሥራ ሰባት ቆጠርኩ።»

እሷ ክንዱን አልለቀቀችም።

«ለእኔ ብለህ ነው» አለች። «አውቃለሁ። እኔ ልሙትልህ አላልኩህም፤ እኔም እኮ እፈራለሁ። ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ስታሸት እሰማሃለሁ፤ እኔም እዚህ ሆኜ አሸታለሁ። ግን ያ ልጅ ሲያለቅስ፣ በእኔ ፋንታ የተኛ እየመሰለኝ አልቻልኩም።»

«አንቺን ምን ላድርግሽ ታዲያ?»

«እኔ እንጃ» አለች ያለምወርቅ፤ ሃምሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ ይህን ቃል ስትል ሰምቷት አያውቅም።

ጥር አሥራ አምስት ቀን የፍሥሐ መኪና መጣች። ቁፋሮው ከመድረሱ በፊት መስመሩን ሊያረጋግጥ ነው። አበባው ሽማግሌዎቹንና ቄስ ወልደ ገብርኤልን ይዞ ደጁ ላይ ጠበቀው። መቅዲ ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ሃያ የሚሆን ሰው ተሰበሰበ። እንዳላማው ከሁሉም ኋላ ቆሞ ነበር።

«ይሄ ችካል እዚህ አልነበረም» አለ አበባው። «የሚያውቅ ሰው አለ፤ በራሱ መሬት ስለሆነ ግን ቃል አይሰጥም። እንግዲህ እግዚአብሔር ይፍረደኝ።»

ፍሥሐ ግራ ገብቶት አንዱን ካንዱ ያያል። ያን ጊዜ እንዳላማው ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ። ሰዉ ዘወር አለ። ጋቢውን ከአፉ ላይ አንስቶ ትከሻው ላይ ጣለው፤ ሳይናገር ፊት ፊት ሄደ። እንደ ድሮው ሁሉም ድምፅ ሳያሰሙ ተከተሉት። እግሩ ሥር ያለው ገለባ ሲንኮሻኮሽ ብቻ ይሰማል። ስልሳ ስድስት እርምጃ ሽቅብ ወጥቶ፣ ከገዛ ቤቱ ጀርባ ቆመና መሬቱን በዱላው መታ።

«ዛሬ በራሴ መሬት ላይ ቃል እሰጣለሁ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስላል። «እዚህ ቆፍሩ።»

አንድ ጎልማሳ በዶማ ሁለት ጊዜ ቆፈረ። ጥቁሩ ብቅ አለ።

አበባው ከሰሉን አይቶ እንዳላማውን አየ። «እርስዎ?» አለ። «እርስዎ፣ አያ?»

«እኔ ነኝ። በንግሡ ቀን፣ ልጅህ ሲያለቅስ እየሰማሁ።»

ቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። ፍሥሐ ግን ነገሩ የገባው አሁን ነበር፤ ደንገጥ ብሎ እጁን አወናጨፈ።

«ቆይ፣ ቆይ! አባቴ፣ ችካሉን አነሱት ማለት ነው? ችካሉ እኮ ምንም አይደለም። ምልክት ነው። መስመሩ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።» ደረቱ ላይ ያንጠለጠለውን ታብሌት አሳየ። «ከሳተላይት ነው የሚነበበው። ችካሉን ሁሉ ነቅላችሁ ብታነዱት እንኳ መስመሩ ንቅንቅ አይልም።»

አበባው በረጅሙ ተነፈሰ። እንዳላማው ግን ቀዘቀዘ። እንግዲያ የአበባው ቤት አንድም ቀን አልተነካም። የእሱ ቤት ደግሞ አንድም ቀን አልዳነም። ድንጋይ ቢሆን ይነቀላል፣ ይመለሳል፣ ይጣሉበታል፣ ይታረቁበታል። ይህ ግን ሰማይ ላይ የተቀመጠ፣ እጅ የማይደርስበት፣ እግር የማይለካው ወሰን ነው። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ፈርቶ አያውቅም።

«የት ላይ ነው የሚያልፈው? አሳየኝ» አለ።

ፍሥሐ ታብሌቱን አጠጋለት። ከላይ የተነሳ ሥዕል ነው። የቆርቆሮ ቤቶቹ እንደ ነጭ ጥርስ ያበራሉ። ቀዩ መስመር ከአንድ ክብ፣ ቡናማ ነጥብ አጠገብ ያልፋል።

«ይሄ እዚህ ያለው የገለባ ክምር ነው አይደል?» አለ ፍሥሐ።

«ቤቴ ነው» አለ እንዳላማው። «የሳር ክዳን ስለሆነ ነው። ያለምወርቅ እዚያ ውስጥ ናት።»

ፍሥሐ ሥዕሉን አየ፤ ቀና ብሎ ቤቱን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። ዞሮ በሩ ጋ ሄደና ጎንበስ ብሎ ወደ ጨለማው ተመለከተ።

«ክምሩ ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ» አለች ያለምወርቅ ከውስጥ። «ግባ ልጄ፣ አትፍራ፤ አልናከስም።»

ሲወጣ ድምፁ ዝግ ብሏል። «መኖሪያ ቤት በሠላሳ ሜትር ውስጥ ካለ መመዝገብ ነበረበት። በስብሰባው ጠይቄ ነበር እኮ። ለምን አልተናገሩም?»

የመለሰው አበባው ነው፤ ዓይኑን ከከሰሉ ላይ ሳያነሳ።

«እሳቸው አይናገሩም። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ቤታቸው አለመጠራቱን ሰምቻለሁ። ከተናገርኩ መስመሩን ወደኔ ያጥፉታል ብዬ ፈራሁና ዝም አልኩ።» ወደ ቄስ ወልደ ገብርኤል ዞረ። «አባቴ፣ አውቆ ዝም ያለ ብለው የገዘቱት እኔን ነው። በራሴ ላይ ነው ያስገዘትኩት።»

ቄስ ወልደ ገብርኤል ሁለቱንም ጎን ለጎን አቁመው ከግዝቱ ፈቷቸው። ሁለቱ ግን እርስ በርስ አልተያዩም።

ፍሥሐ ለአለቆቹ ጻፈ። ኤክስካቫተሩ ከወንዙ ወዲያ ቆሞ ሳምንታት ጠበቀ። በየካቲት ማለቂያ ሌሎች ቀያሾች መጡና መስመሩ ወረደ፤ በሁለቱ ቤቶች መካከል ባለው የግጦሽ መሬት፣ ከእንዳላማው ሃምሳ እርምጃ፣ ከአበባውም ሃምሳ እርምጃ። ሕጉ የሚለው ሠላሳ ሜትር ነው፤ እንዲያውም ተርፏል አሉ። ሰማያዊው እሳት ሠላሳ ሜትር ሲደርስ የሚቆም እንደሆነ ግን ማንም አልነገራቸውም።

በዚያ በጋ እንዳላማውን ለድንበር የጠራው የለም። ከላይ ሰፈር ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተው ጂፒኤስ ያለው የቀበሌ ሠራተኛ አስለኩ። እሱም አልከፋውም፤ በእነሱ ቦታ ቢሆን ራሱን አይጠራም ነበር።

በሚያዝያ ቦዩ ተቆፈረ። እንደ ዘንዶ የረዘመ፣ ጥቁር የተቀባ ቧንቧ በማሽን ተንጠልጥሎ ገባበት። አፈር መመለስ በጀመሩበት ቀን እንዳላማው ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ሲያይ አበባው ሽቅብ መጣ። ከጥር ወዲህ ደጁን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ሰላም አላለም።

«ከሰል አለዎት?»

እንዳላማው ቀና ብሎ አየው።

«ያ ልጅ መስመሩ ሰማይ ላይ ነው አለ» አለ አበባው። «እነዚህ ሰዎች ነገ ይሄዳሉ። ችካሉም ይበሰብሳል። ልጄ አድጎ እዚህ ጋ ጉድጓድ ቢቆፍርስ? እኔ ሰማዩን አላምነውም። እርስዎንም አላምንዎትም። ከሰሉን ግን አምነዋለሁ።»

እንዳላማው ገብቶ ከምድጃው ዳር ከሰል አፍሶ በጋቢው ጫፍ ቋጠረ። አብረው ወረዱ። ከቦዩ ዳር ሲቆሙ አንዱ ሠራተኛ «ሂዱ! ከዚህ ራቁ!» ብሎ ጮኸባቸው። አበባው ሰውየውን በወሬ ሲይዝ እንዳላማው ጎንበስ አለ። ቧንቧው ከሥሩ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ገና ባዶ ነው፤ እሱ ግን ትንፋሹን ዋጠ። ከቧንቧው ወዲህና ወዲያ አንድ አንድ እፍኝ ከሰል ጣለ፤ ከዚያ አሥር እርምጃ ሄዶ እንደገና፤ ቋጠሮው እስኪያልቅ። አፈሩ ተመለሰበት።

ቤት ሲገባ ያለምወርቅ ነቅታ ነበር።

«ከእኛ እስከ ቧንቧው ስንት ነው?»

«ሃምሳ አልኩሽ እኮ።»

«ኮቴህን ቆጥሬያለሁ። ስትመለስ አርባ ስምንት ነው።»

እንዳላማው ጫማውን አወለቀና እንደገና ሊቆጥር ወጣ።